«ኦፊሻል» እና «ኦፊሸስ»፤ የሁለት ቅጽሎች ታሪክ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ድምፃቸው ተቀራርቦ ትርጓሜያቸው የተራራቀ ቅጽሎች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል መዝገብና ደብዳቤ የዘወትር ሥራችን ለሆነው ለእኛ ይልቁን የሚጠቅሙንን፤ «ኦፊሻል» እና «ኦፊሸስ» የሚባሉትን መርጠን፤ ታሪካቸውን እንደ አውሮጳውያን የዘመን አቆጣጠር ባጭሩ እንመለከታለን።

«ኦፊሻል» ማለት ከሹመት ወይም ከመሥሪያ ቤት ሥልጣን የወጣና የጸና ማለት ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በዚህ ቃል ይጠራል። «ኦፊሸስ» ግን ዛሬ የነቀፋ ቃል ነው፤ ሳይጠሩት የሚገባውን፣ ሳይጠይቁት የሚያዘውን፣ በትንሽ ሥልጣን ብዙ የሚንጠራራውን ሰው ይገልጻል።

ዳሩ ግን ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው «ኦፊኪዩም» የተባለው የሮማይስጥ ቃል ሲሆን፤ ሥራና ማድረግ ከሚባሉት ከሁለት ቃላት ተዋሕዶ የተገኘ ነው። ፍቺውም ተግባር፣ ግዴታ፣ ለሰው የሚደረግ በጎ አገልግሎት ማለት ነው። ሮማዊው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ ስለ ግዴታ የጻፈው መጽሐፍ በዚሁ ቃል ተሰይሟል።

«ኦፊሸስ» በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዞች ዘንድ ሲነገር ትጉህ፣ ታዛዥ፣ ሰውን ለመርዳት የሚፈጥን ማለት ነበር። በ1600 ገደማ ግን የነቀፋው ትርጓሜ ታከለበት። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ቸሩንም ነዝናዛውንም ትርጓሜ ጎን ለጎን አስፍሮታል። ከዚያ ወዲህ በተራው ንግግር ውስጥ መልካሙ እየተረሳ ክፉው ቀረ።

ይህ ስለ ምን ሆነ? እንደሚመስለን፤ ሰውን በመርዳትና በሰው ላይ በመሠልጠን መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ስለ ሆነ ነው። ርዳታው የተረጂውን ችግር ትቶ የረጂውን ክብር መመልከት ሲጀምር፤ ስሙ ሳይለወጥ ትርጓሜው ይለወጣል።

ይሁን እንጂ ጆንሰን ራሱ ቃሉን ለምስጋና ተጠቅሞበታል። በቤቱ አብሮት ይኖር የነበረው ሮበርት ሌቬት የሕክምና ዲግሪ ሳይኖረው የሎንዶንን ድኾች እየዞረ ያክም ነበር። በ1782 በሞተ ጊዜ፤ ጆንሰን በደረሰለት የኀዘን ግጥም ውስጥ ካመሰገነባቸው ቅጽሎች አንዱ ይኸው «ኦፊሸስ» ነው። ሌቬት ሹመትም ማኅተምም አልነበረውም፤ እናቲቱ ቃል የምታዝዘውን ተግባር ግን ፈጽሟል።

እንግዲህ ወረቀቱን «ኦፊሻል» የሚያደርገው ማኅተሙ ነው። ባለጉዳይ በደጃችን ሲቆም፤ እኛን በየትኛው ትርጓሜ «ኦፊሸስ» እንደሚለን የሚወስነው ግን ሥራችን ነው።