የአንጎልን ሥራ በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን መለካት

ቅርብ ኢንፍራሬድ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን የማያየው የብርሃን ክልል ነው። በዚህ ብርሃን የሰውን አንጎል ሥራ የሚለካው ዘዴ በምህጻረ ቃል ኤፍኒርስ ይባላል። የራስ ቅል ሳይከፈት፣ መርፌም ሳይወጋ፣ በአንጎል ቅርፊት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም የኦክስጅን ይዘቱ ሲለዋወጥ ከውጭ ሆኖ ይከታተላል። ሐሳብ የሚያነብ መሣሪያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ የሚያነበው ግን ደምን ነው። የዘዴው ብርታትም ድክመትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልኩን መብራት በጣቱ የሸፈነ ሰው የመርሁን ግማሽ በዓይኑ አይቶታል። ነጩ መብራት በጣቱ አልፎ ሲወጣ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን በአብዛኛው ደሙ መጥጦ ያስቀረዋል። በግምት ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ ደምም ውሃም የሚመጥጡት ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ጨረሩ ቆዳንና አጥንትን ዘልቆ አንጎል ድረስ ይደርሳል። ሌላው ግማሽ ያለው በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ነው። ከ800 ናኖሜትር በታች አብልጦ የሚመጥጠው ኦክስጅኑን ያራገፈው ሄሞግሎቢን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ኦክስጅን የተሸከመው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ለምሳሌ 760 እና 850 ናኖሜትር ያላቸውን፣ ይልኩና ከተመለሰው መጠን የሁለቱን ሄሞግሎቢን ለውጥ ለየብቻ ያሰላሉ።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚጎርፈው ደም ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል፤ በመሆኑም ኦክስጅን የተሸከመው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ ያራገፈው ይቀንሳል። ለውጡ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ግን ሥራቸውን የሚሠሩት በሺህኛ ሰከንዶች ስለሆነ ኤፍኒርስ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው። ፍጥነት የሚፈልግ ተመራማሪ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ኢኢጂ አብሮ ይጠቀማል።

የዘዴው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍራንስ ዮብሲስ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ነው። በ1988 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዴቪድ ዴልፒና ባልደረቦቹ፣ ብርሃን በሕብረ ሕዋስ ውስጥ እየተበተነ የሚጓዘውን ርቀት ከስሌቱ ጋር አስማሙት። በ1993 ደግሞ በጃፓን፣ በጀርመንና በአሜሪካ ያሉ ቡድኖች ሥራ ላይ ያለ አንጎል የሚያሳየውን ለውጥ በየፊናቸው መዘገቡ።

ተጠኚው ብርሃን አመንጪና ተቀባይ ዘንጎች የተሰኩበት ኮፍያ ያጠልቃል። በአዋቂ ራስ ላይ በአመንጪና በተቀባይ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 3 ሴንቲሜትር ነው። ብርሃኑ ግን በቀጥታ አይጓዝም፤ እየተጋጨና እየተበተነ 18 ሴንቲሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚወጣው። ዘልቆ የሚያየው 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ለማስታወስ ወሳኝ የሆነውን ሂፖካምፐስን የመሰሉ ጥልቅ ክፍሎች አይደረስባቸውም። ከዚህ የሚከፋው ችግር ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም በራስ ቆዳ ውስጥ ማለፉ ነው። ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲያፍር የግንባሩ ደም ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ የአንጎል መስሎ ይመዘገባል። መፍትሔው ከአመንጪው 8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚቀመጥ ተጨማሪ ተቀባይ ነው፤ ይህ የሚያየው ቆዳውን ብቻ ስለሆነ ንባቡ ከዋናው ላይ ይቀነሳል። ይህ ወይም ተመሳሳይ ማስተካከያ ያልተደረገበትን ጥናት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ኤፍኒርስ በእውነት የሚያበራው በሕፃናት ላይ ነው። ኤምአርአይ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን የነቃ ጨቅላ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ አይተኛም። የሕፃን ራስ ቅል ስስ ነው፣ ፀጉሩም ሳሳ ያለ ነው፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ መለካት ይቻላል። በ2003 በጣሊያን፣ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ብቻ በሆናቸው ጨቅላዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የግራው የአንጎል ክፍላቸው ለተፈጥሯዊ ንግግር የሚሰጠው ምላሽ ወደ ኋላ ለተጫወተው ያው ድምፅ ከሚሰጠው እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2014 ደግሞ በጋምቢያዋ ኬኔባ መንደር ከ4 እስከ 8 ወር በሆናቸው ሕፃናት ላይ የተሠራው ጥናት ታተመ። መሣሪያው ትልቅ ሆስፒታል በሌለበት የአፍሪካ ገጠርም እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ በኋላም በዚያውና በእንግሊዟ ካምብሪጅ ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ ለሚከታተል ሰፊ ጥናት በር ከፈተ።

ይሁን እንጂ ብርሃን ሁሉንም ራስ እኩል አያስተናግድም። ለቆዳና ለፀጉር ጥቁር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይህንኑ ብርሃን ይመጥጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉርም ዘንጉ ቆዳውን እንዳይነካ ያግደዋል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም የሚሠራው በተመሳሳይ መርህ ነው፤ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ገልጿል። በኤፍኒርስ ቤተ ሙከራ ደግሞ ባለሙያው በቀጭን እንጨት ከየዘንጉ ሥር ፀጉር እየገለጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ትዕግሥቱ ካለቀ የተሳታፊው ውጤት «ምልክቱ ደካማ ነው» ተብሎ ይጣላል። በዚህ ምክንያት ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያላቸው ሰዎች የተገለሉበት አማካይ ውጤት ስለ ሰው ልጅ አንጎል በጥቅሉ ሲናገር ትልቅ ስህተት ይሠራል። መፍትሔዎች አሉ፦ ፀጉርን ሰንጥቆ የሚገባ ብሩሽ መሰል ጫፍ ተሠርቷል፤ ለኢኢጂም በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሹሩባ መካከል ባለው ፈለግ ላይ የሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች ተነድፈዋል። ሹሩባው ከልኬቱ በፊት በታቀደ መስመር ከተሠራ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ለዘንጎቹ መንገድ ይከፍታል። ከዚህ ጎን ለጎን የጥናት ሪፖርቶች የተሳታፊዎችን የቆዳ ቀለም፣ የፀጉር ዓይነትና በደካማ ምልክት የተጣሉትን ሰዎች ብዛት እንዲጽፉ ተመራማሪዎች እየጠየቁ ነው።