የልስን ዝግጅት ለሴራሚክ

የልስን ዝግጅት ማለት ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የተለሰነን ግድግዳ አጽድቶ ፕራይመር የሚባለውን ፈሳሽ መቀባት ነው። ፈሳሹ ብናኙን ይይዛል፤ ደረቁ ልስንም የማጣበቂያውን ውኃ ቶሎ እንዳይመጥ ያደርጋል። ውኃው ከተመጠጠ በማጣበቂያው ውስጥ ያለው ስሚንቶ ሳይጠነክር ይደርቃል፤ ሴራሚኩም ውሎ አድሮ ይወድቃል። ግድግዳው ላይ የተረጨ ውኃ ወዲያው ከጠፋ ልስኑ መጣጭ ነው።

በጄሶ ልስን ላይ ፕራይመር ሌላ ሥራም አለው። የጄሶ ሰልፌት በእርጥበት ከስሚንቶ ጋር ሲገናኝ ኤትሪንጋይት የተባለ ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህም እያበጠ ሴራሚኩን ያላቅቃል። ፕራይመሩ ሁለቱን ይለያል። በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ግን እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ስለሚለሰልስ አይተካውም።

በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ ፕራይመር ብቻውን አይበቃም፤ ላዩን ቢይዝ እንኳ ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የላላው ልስን ይረገፍና የሽቦ መረብ በእንጨቱ ላይ ተመቶ በስሚንቶ ይለሰናል። ሴራሚኩ የሚለጠፈው ይህ ከደረቀ በኋላ ነው። ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ካለ ግን አስቀድሞ መወገድ አለበት፤ አለበለዚያ ከሴራሚኩ ጀርባ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል።