ከሞያሌ እስከ ካሳራኒ፦ የጥብሱ መንገድ

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ካሳራኒን የምናስጎበኘው በሥጋ ቤቶቿ ነው። ከስታዲየሙ ተነስተን በእግራችን ከአንዱ ቡቸሪ ወደ ሌላው እንሄዳለን። እንግዳችን «ንያማ ቾማ» የሚለውን ጽሑፍ ሲያነብ ጮማ የተጻፈ መስሎት ፊቱ ይበራል። በስዋሂሊ ግን ንያማ ሥጋ ነው፤ ቾማ ደግሞ የተጠበሰ ማለት ነው።

ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የተሰቀለውን አይተን እንመርጣለን፣ በኪሎ እናስመዝናለን፣ ከጓሮ ከሰል ላይ እስኪበስል አንድ ሰዓት ያህል እየተጫወትን እንጠብቃለን። ጠባሹ በእንጨት ጣውላ ላይ ፊታችን ይከትፈዋል። ከጨው፣ ከካቹምባሪና ከኡጋሊ ጋር ይቀርባል። ሚጥሚጣውን ከቤት ይዘን እንሄዳለን።

ስታዲየሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1987 ናይሮቢ ላስተናገደችው የመላ አፍሪካ ጨዋታ ነው። የቲካ መንገድ ሰፍቶ በ2012 ሲመረቅ ደግሞ አካባቢው በሕንፃና በሰው ሞላ፤ ሥጋ ቤቱም አብሮ በዛ።

ሥጋው ግን ከመንገዱ በፊት የነበረ ታሪክ አለው። በኬንያ እርባታዎች የታወቀው የቦረን ከብት ዘሩ ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከቦረና ምድር ነው። የእርባታ ባለቤቶቹ በ1951 በስሙ ማኅበር አቋቁመውለታል። ዛሬም በሞያሌ በኩል የሚያልፍ ከብት ናይሮቢ ይደርሳል። እኛ ሸቀጥ የምናመላልስበትን መንገድ ከብቱ ቀድሞን ያውቀዋል።

እኛን የሚያስቸግረን ቢላዋው ነው። አገር ቤት መስቀል ወይም ጨረቃ አይተን እንገባለን። እዚህ በብዙ ቄራ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ ኬንያዊም ሳይጠይቅ ይበላል። ከእኛ ክርስቲያኖች ግን የማይበላ አለ። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች ፍየል በቁሙ ገዝተው አሳርደው በቅርጫ ይካፈላሉ። ሙስሊሞቹም «ሃላል» የሚለውን ጽሑፍ ካላዩ አይቀመጡም።

አንድ ጊዜ ሁለት ሸሪኮቻችንን ሳንጠይቅ አንድ ጣውላ ዙሪያ አስቀመጥናቸው። አንዱ እጁን ሳይዘረጋ ቀረ፤ ሌላው የናቀው መሰለው። ሒሳቡን ከፍለን ብንወጣም የዕለቱ ንግግር እዚያው ተበላሸ። ለማስታረቅ ወራት ፈጀብን።

ከዚያ ወዲህ የምንጠይቀው ከቤት ሳንወጣ ነው፦ ከየትኛው ቢላዋ ትበላለህ? ዛሬ ትጾማለህ? ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመው ኡጋሊና ካቹምባሪ አለ። አንዱ ጣውላ የማይሆን ከሆነ ሁለት ጣውላ እናዛለን፤ ጠረጴዛው ግን አንድ ነው። ልጆቻችን አብረውን ሲሄዱ ይህንንም ይማሩ።