ሳይዙ መሸጥ

ከጎርጎራ ጣናን ተሻግረን የምናገኛት ዘጌ በቡናዋ የታወቀች ናት። ቡና በእጁ ያለ ነጋዴ የዋጋ መውደቅ ቢያሰጋው፣ ዛሬ በቆረጠው ዋጋ ወደፊት ሊያስረክብ ይዋዋላል፤ ቡናው ቢወደድ የሚቀርበት ትርፍ ብቻ ነው። የሌለውን የሸጠ ግን በማናቸውም ዋጋ ገዝቶ ማስረከብ ግዴታው ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ውርጭ የብራዚልን ቡና ፈጀው፤ በኒውዮርክ ከ1 ዶላር በታች የነበረው አንድ ፓውንድ ቡና በ1969 ዓ.ም. ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። ሳይዝ የሸጠ ሰው ትርፉ ወሰን አለው፤ ኪሳራው ግን ወሰን የለውም።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን በገባና ደረሰኝ በተቆረጠለት ምርት ማገበያየቱ ከዚህ አደጋ ይጠብቃል። የአክሲዮንም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ደመወዙን ቆጥቦ ወደ ገበያ የሚገባ ሁሉ፣ ከትርፉ አስቀድሞ ሊሸከም የሚችለውን ኪሳራ ይለካ።