ውሃ በመርከብ፣ ውሃ በእሳት

ስለ ኩዌት ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ዘይቱ ነው። የአገሪቱን ታሪክ በውሃው በኩል የጀመረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩዌት ወንዝም ሐይቅም የላት። የዓመት ዝናቧ ከመቶ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። የጥንቱ ሕዝቧ ዕንቁ ከባሕር የሚያወጣና በጀልባ የሚነግድ ነበር፤ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ግን ጨው ጨው ይላል። እሱም አልበቃ ሲል፣ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም ባለ ሸራ ጀልባዎች ወደ ሰሜን እየዘለቁ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ተገናኝተው ከሚፈሱበት ከሻት አል-ዐረብ ጣፋጭ ውሃ ያመጡ ጀመር። ውሃ ሻጩም ከወደቡ ተቀብሎ በስልቻ በአህያ ጭኖ በየደጁ ያዞራል። ነፋስ እንቢ ካለ ጀልባው ይዘገያል፤ ጀልባው ከዘገየ ከተማው ይጠማል። በ1939 የውሃ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው መልክ ያዘ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ቡርጋን በተባለው ስፍራ ዘይት ከተገኘ ዓመት ሆኖት ነበር። ዘይቱ ከእግር በታች፣ ውሃው ባሕር ተሻግሮ!

የዓለም ጦርነት አዘገየውና ዘይቱ ለገበያ የወጣው በ1946 ነው። ገንዘቡ ሲገባ በ1953 ሹዌይክ ላይ በቀን 1 ሚሊዮን ጋሎን ያህል የባሕር ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ተተከለ። ካቲካላ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ጠብታ ይሆናል፣ ጨው የበዛበት ቅሪት ወደ ባሕር ይመለሳል። በኋላ የመጡት ታላላቅ ጣቢያዎች መብራትና ውሃ አንድ ላይ የሚያወጡ ሆኑ፤ ተርባይኑን ያዞረው እንፋሎት ባሕሩን ያሞቃል። ማገዶውስ? ዘይትና ጋዝ ነዋ! ነፋስን በእሳት ለወጡ ማለት ነው። ወጪውን አብዛኛውን መንግሥት ስለሚሸከም ውሃ በገፍ ይፈስ ጀመር፤ በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ኩዌት በዓለም ብዙ ውሃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ሆነች። ለአንድ በረሃ ይኸ ምን ዓይነት ሀብት ነው?

የነገሩ ጉድ የወጣው በ1991 ነው። የኢራቅ ጦር ዘይት ወደ ባሕር ሲለቅ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የደነገጡት ለዓሣው ብቻ አልነበረም፤ የሚጠጡት ከዚያው ባሕር ነውና። ከ600 በላይ የዘይት ጉድጓዶችም ነደዱ። እሳቱን ለማጥፋት ውሃ ከየት ይምጣ? ዘይት ወደ ወደብ ያወርዱ የነበሩት ቧንቧዎች ተገልብጠው የባሕር ውሃ ወደ በረሃው ላኩ። ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል እኔ አላውቅም። የመጨረሻው ጉድጓድ የተዘጋው በኖቬምበር ወር ነው።

ጦርነቱ አለፈ፣ ሕዝቡ በዛ፣ በ50 ዲግሪ ሙቀት ቤት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ የመብራቱን ኃይል ይበላ ጀመር። የአገሩ ጋዝ ለጣቢያዎቹ አልበቃም። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ ኩዌት፣ ያቺ ዘይት ሻጭ አገር፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ከውጭ ትገዛለች፤ በ2021ም አል-ዙር ላይ ለዚሁ ትልቅ ማራገፊያ ሥራ ጀመረ። ጋዙ የሚመጣው እንደ ድሮው ውሃ በመርከብ ነው። በጁን 2024 ሙቀቱ ሲበረታ መንግሥት መብራት በየሰፈሩ በተራ አጠፋ።