አንገትህን ከፊት ከቆለፉህ እንዴት ትወጣለህ?

ጎጃም ውስጥ ከብት ያገደ ልጅ ያውቃታል፦ ትግሉ መሃል ተጋጣሚህ ራስህን ብብቱ ሥር ይከትና አንገትህን በክንዱ ይጠመጥማል። አብዛኛው ሰው ያኔ ወደ ኋላ ይጎትታል። ይሄ ነው ስህተቱ፤ በጎተትክ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቅብሃል።

መጀመሪያ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ። የጠመጠመህን እጅ አንጓው ላይ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ታች ሳብ። ጣቱን አትጠምዝዝ፣ በውድድርም ክልክል ነው። ትንፋሽ ስታገኝ እግርህን ወደ እሱ አስጠጋ፣ ወገብህን አቅና፣ ከዚያ ካነቀህ ክንድ በተቃራኒ ዙር፦ በቀኙ ከያዘህ ወደ ግራ ጎኑ። ዋናው ሥራ የእግር እንጂ የአንገት አይደለም።

በጁጂትሱ ይህ አያያዝ ጊሎቲን ይባላል፣ ማነቅም ይፈቀዳል። በኦሊምፒክ ትግል ግን ማነቅ ክልክል ነው፤ አንገት በሁለት እጅ ተቆልፎ ሲያዝ የተጋጣሚው ክንድም አብሮ መያዝ አለበት።

መስክ ላይ ዳኛ የለም። ደም ወደ አንጎል መሄዱ ከተቋረጠ በ10 ሰከንድ ገደማ ራስ ያስታል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ፦ ሁለቴ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቅ። «በቃኝ» እስኪል አትጠብቁ፤ የታነቀ ሰው ድምፅ የለውማ።