ድርብርብ ቀረጻ፦ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል?

ድርብርብ ቀረጻ «ኦቨርደቢንግ» ለሚባለው የስቱዲዮ አሠራር የቀረበ አማርኛ ነው። ቀድሞ የተቀረጸውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ አዲስ ድምፅ በላዩ መደረብ ማለት ነው። ባሱን ደረብን፣ ዋሽንቱ ገና አልተደረበም እንላለን። የባንዱ አባላት በአንድ ክፍል ባንዴ ተጫውተው ሲቀረጹ ተራ የለም። በድርብርብ ቀረጻ ግን ተራ አለ፤ ማን ይቅደም የሚለውንም መወሰን ግድ ነው።

ቅደም ተከተሉን ድሮ የሚወስነው መቅረጫው ራሱ ነበር። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው «ላቨር» ላይ የሚሰሙትን ጊታሮች ሁሉ የተጫወተው ብቻውን ነው። አንዱን ሸክላ እያሰማ፣ አብሮት እየተጫወተ፣ ሁለቱን በሌላ ሸክላ ላይ ይቀርጻል። በተደረበ ቁጥር የቀደመው ድምፅ ጥራቱ ስለሚቀንስ ጎልቶ እንዲሰማ የሚፈልገውን ለመጨረሻ ያቆየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአምፔክስ ኩባንያ ባለ ስምንት ትራክ ቴፕ ሲያገኝ ግን እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ያዘ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሳይነካ ይደገማል። ኢትዮጵያዊው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው አልበም አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የኤሌክትሪክ ፒያኖውን በድራም ማሽን ምት ላይ ብቻውን ደራርቧል።

ዛሬ በኮምፒውተር የትራክ እጥረት የለም። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ማንን እየሰማ ይጫወታል? ሌሎቹ የሚደገፉበት ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ድራም የሚቀድመው ለዚህ ነው። ባስ ከድራሙ ጋር መግጠም ስላለበት ይከተላል። ከዚያ ሪትም ጊታርና ኪቦርድ፣ ቀጥሎ ሳክስፎንና ትራምፔት፣ በመጨረሻ ድምፃዊው ይገባል። ሆኖም ድምፃዊው ገና ከጅምሩ ለሌሎቹ መንገድ የሚያሳይ መሪ ድምፅ ይቀርጻል፤ ድራመሩ አዝማቹ የት እንደሚገባ የሚያውቀው በዚያ ነው። ዋናው ድምፅ ሲቀረጽ መሪው ይወጣል።

ከሁሉም በፊት ክሊኩ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ ፍጥነት እንዲጠብቁ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት የማሽን ምት፣ መስተካከል አለበት። ችክችካ ስድስት ንዑስ ምት አለው፤ እግር የሚመታው ግን በየሦስቱ አንዴ፣ በጠቅላላው ሁለቴ ነው። ክሊኩ ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስቴ ከመታ ድራመሩ ከማሽኑ ጋር ይታገላል። ትግሉ አብሮ ከተቀረጸ ደግሞ በላዩ የሚደረበው መሣሪያ ሁሉ ይወርሰዋል።

ዋሽንት ሲኖር ጉዳዩ ይረቅቃል። የክራርንም የማሲንቆንም ክር ማጥበቅና ማላላት ይቻላል። የዋሽንት ቀዳዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው፤ ተጫዋቹ ረዘም አጠር ያሉ ዋሽንቶችን ይዞ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዋሽንት የሚደረበው ወደ መጨረሻ ቢሆንም ድምፁ የሚጠየቀው መጀመሪያ ነው። ኪቦርዱና ጊታሩ ተቀርጸው ካለቁ በኋላ የሚስማማ ዋሽንት ከታጣ፣ ወይ ዋሽንቱ ይቀራል፣ ወይ ሌላው ሁሉ ይደገማል።

ድራም ይቅደም የሚለውም ለሁሉም ዘፈን አይሠራም። በማሲንቆ በሚዜም ዝግ ያለ ትዝታ ምቱን የሚይዘው የዘፋኙ ትንፋሽ ነው፤ ማሲንቆው ስንኙ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይመልሳል። እዚህ ላይ ክሊክ ማስቀደም ዜማውን ማሰር ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው ይቀረጹ፤ ባስም ሆነ ኪቦርድ ካስፈለገ በኋላ እነሱን እየሰማ ይደረብ።

ስቱዲዮ የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ ባንዶች የለመዱትን ቅደም ተከተል ይዘው መግባት ይቀናቸዋል። ይልቅ ገና በልምምድ ላይ ሳላችሁ እያንዳንዱን ተጫዋች «ማንን ካልሰማህ መስመርህ ይጠፋብሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የጠሩት መጀመሪያ ይቀረጽ።